በጣና ላይ የአንድ ቀን ጉዞ፤ ወደ ናርጋ ሥላሴ

በዕረፍት ቀን ቤተ ሰብን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ለአእምሮም ለሰውነትም የሚበጅ መሆኑን የማይረዳ የለም። ነገር ግን ብዙው ሰው የዕረፍት ቀኑን በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ በመብላትና በመጠጣት ይፈጽመዋል፤ ሲመሽም ልጆቹ ተሰላችተው፥ ታላላቆቹም ራሳቸው ከብዷቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ከዚህ የተለየ የቀን አዋዋል ነው፤ ይኸውም ከባሕር ዳር ከተማ በማለዳ ተነሥቶ በሞተር ጀልባ ጣናን እያቋረጡ በደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳር ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ነው።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 84፥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከባሕር ወለል በላይም ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የዓባይን መውጫ ስለ ገደበው ውሃው ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ዋና ዋናዎቹ ገባሮች ናቸው። ስፋቱ እንዲህ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህንንም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይቆጣልና፥ በጣና ላይ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ጠዋቱን ለመሄጃ፥ ከሰዓት በኋላውን ለጥንቃቄ መመደብ ይገባዋል። ጠዋት እንደ መስተዋት ተዘርግቶ የነበረው ውሃ ከቀትር በኋላ ሌላ ጠባይ ያወጣል።

በሐይቁ ውስጥ 37 ደሴቶች አሉ እየተባለ ይነገራል። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለቤተ ሰብ ጉዞ ናርጋን የመረጥንበት ምክንያት ሊጠየቅ ይቻላል። ለባሕር ዳር የሚቀርበው ክብራን ገብርኤል ነው፤ በክብር የሚታወቀውም ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ በዚያ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ይገኛል። ነገር ግን ሁለቱም በቀደመ ሥርዓታቸው ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ የሄደ ሰው አባትና ወንድ ልጅ ሲወርዱ እናትና ሴት ልጅ በጀልባው ውስጥ ሆነው ፀሐይ እየመታቸው ሊጠብቁ ነው። የገዳሙን ሕግ ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ መነኮሳቱ በሕጋቸው ለብዙ ዘመን ኖረውበታል። ሆኖም ቀኑን ለቤተ ሰቡ የሚያስብ ሰው ሕጉን አስቀድሞ ዐውቆ፥ ማንንም በወደቡ ላይ የማይለይበትን ስፍራ መምረጥ ይገባዋል። ናርጋን ደግሞ ያሠራችው ሴት ናት፤ ሴትም ወንድም ይሳለምባታል።

ያሠራቻትም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የቋራ ተወላጅ ሲሆኑ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ፤ ንጉሡም ባረፉ ጊዜ በ1723 ዓ.ም. ሕፃኑ ልጃቸው ኢያሱ ሲነግሡ እርሳቸውም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ጭነው የመንግሥቱን ሥራ ያዙ። በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው፤ ናርጋንም በዚያው በ18ኛው ምዕት ዓመት አሠሩ። ልጃቸውን ኢያሱን፥ በኋላም በ1761 ዓ.ም. በግፍ የተገደሉትን የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን ቀብረው፥ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። ከከተማና ከአደባባይ ይህን ያህል ርቃ በውሃ መካከል ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፥ እቴጌይቱ ከጎንደር ሁከት የራቀ የጸሎት ስፍራ ፈልገው ይሆን ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

የጉዞው ነገር እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲመላለስ የኖረው የመንገደኞች መርከብ ዘጌንና ደቅን እየነካ፥ በመንገድ አድሮ በማግሥቱ ይደርስ ነበር። ጊዜ ለተረፈው ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ ደስ ያሰኛል፤ በአንድ ቀን ሊመለስ ለሚሻ ግን አይመችም። ስለዚህ ጉባኤ ሠርቶ አንድ የሞተር ጀልባ መከራየት የተሻለ ነው። ርቀቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ጀልባው እንደ ፍጥነቱ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመሳፈር በፊት የመንሳፈፊያው ልብስ ለእያንዳንዱ ሰው፥ ለሕፃናቱም በልካቸው መኖሩን ቆጥሮ ማየት የቤቱ አባት ሥራ ነው፤ ባለ ጀልባው «አያስፈልግም» ቢል እንኳ እሺ ማለት አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስለ ተነሣ፥ ለመሄድ ያሰበ ሁሉ የመንገዱንና የሐይቁን ሰላም አስቀድሞ ከአገሩ ሰዎች መጠየቅ አለበት። እኛ የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ዝናብ የለም፥ ሰማዩም ጥሩ ነው።

ሁለት ቤተ ሰብ ሆነን ስድስት ታላላቆችና አራት ልጆች ነበርን። ከእኛም ጋር የአንደኛው ባልንጀራችን እናት አብረው ነበሩ። እኒህ እናት ዕድሜያቸው የገፋ፥ ጉልበታቸውም የደከመ ሲሆን፥ በጎርጎራ በኩል በሐይቁ ዳር ያደጉ ናቸው። ወላጅ እናታቸው ለናርጋ ሥላሴ ጥላ ተስለው ሳያደርሱ ስለ ሞቱ ስለቱ በልጃቸው ላይ እንደ ዕዳ ቀርቶ ነበር። እርሳቸውም በልጅነታቸው ታንኳ ሲፈሩ፥ ኋላም በትዳርና በልጅ ሲያዙ፥ ቆይተውም ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ዘመኑ አለፈ። አሁን በወርቅ ዘቦ የተሠራውን ጥላ በነጭ ነጠላ ጠቅልለው በጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ልጆቹም ሊነኩት ሲሉ በዓይናቸው ብቻ ይከለክሏቸው ነበር።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወደቡ ተነሣን። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ስፍራ በስተ ቀኝ ይቀራል፤ በዚያ አካባቢ ጉማሬ ስለሚገኝ ባለ ጀልባው ለልጆቹ ሊያሳይ ቢሞክርም ያን ዕለት ያየነው የውሃውን አረፋ ብቻ ነው። ጥቂት እንደ ሄድን ክብራንና የሴቶች መነኮሳት የሚኖሩባት እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ታዩ። ከዚያ ዘጌ በስተ ግራ ይመጣል፤ ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ሲሆን ከዳር እስከ ዳር የቡና ዱር ለብሶ ይታያል። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደ ከተማው ሲቀዝፉ አገኘናቸው። ቀዛፊዎቹ በሁለት ወገን በሚቀዝፍ ረጅም ዘንግ ውሃውን እየገፉ፥ ወገባቸው ድረስ የራሱ መስለው ቢታዩም ሰላምታ ለመስጠት አልሰነፉም።

ከዘጌ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከውሃ በቀር የሚታይ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል አሰልቺ ነው ይለዋል፤ እኛ ግን ከቀኑ ሁሉ የወደድነው ይህን ነው። ስልክ አይጮኽም፤ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም፤ በከተማ በአንድ ቤት እየኖሩ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ የማይነጋገሩ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ከመቀመጥ በቀር የሚሄዱበት የላቸውም። የባልንጀራችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አያቱን ስለ ጎርጎራ ሲጠይቃቸው የሰማነው በዚህ ጊዜ ነው። እርሳቸውም ደቅ ከሩቅ እንደ ተኛ በሬ ሆኖ ይታያቸው እንደ ነበረ፥ እናታቸውም በየማለዳው ወደዚያ ዞረው ይሳለሙ እንደ ነበረ ነገሩት። ይብራዎች በውሃው ላይ ተንሳፈው ነበር፤ ጀልባው ሲቀርባቸው ከብደው ተነሡ።

የዳጋ ተራራ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጥጦ በስተ ቀኝ ታየ፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ከጀልባው ሳይወርዱ ከሩቅ ተሳለሙት። ደቅ ግን ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ነው፤ ስፋቱም 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ይበልጣል፤ ገበሬ የሚያርስበት፥ ከብት የሚሰማራበት አገር ነው። በምዕራቡ በኩል ዞረን 4 ሰዓት ሲሆን ናርጋ ደረስን።

ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን የያዙት አባት በደሴቱ ወዲያኛ ጫፍ ወዳለ ተዝካር ሄደዋል ተባለ። አንድ ብላቴና ሊጠራቸው ሮጠ፤ ባለ ጀልባው ደግሞ ፀሐዩን አየት አድርጎ «ከ7 ሰዓት በላይ መቆየት አንችልም፤ ነፋሱ ይነሣል» አለን። ይህን ያለው ለክፋት አይደለም፤ አሥር ሰው በኀላፊነቱ ላይ ነበርና።

በመጠበቂያው ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር ምሳ አቀረብን። በእንዲህ ያለ ጉዞ ወጥ ይዞ መሄድ ድካም ነው፤ ይፈሳል፥ ይበላሻል፥ ልብስም ያበላሻል። የተቀቀለ ዕንቁላል፥ ዳቦ ቆሎ፥ ቆሎ፥ ብርቱካንና በብዙ የተዘጋጀ የሚጠጣ ውሃ ይበቃል። ከሐይቁ ሳይፈላ መጠጣት አይገባም፤ ልጆችም በዳር ባለው ሣርና ደንገል መካከል በባዶ እግራቸው እንዲገቡ መፍቀድ ጥሩ አይደለም፤ በጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለና። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዕንቁላል መላጥ እንደማያምር ማስታወስ አያስፈልግም።

ልጆቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ የተነሡት ከዳር አንድ ሰው ታንኳ ሲሠራ አይተው ነው። ሰውየው የደረቀ ደንገል በእቅፍ በእቅፍ አድርጎ ያስራል፤ እስሩንም ጎን ለጎን አጋጥሞ በገመድ ያጠብቃል፤ ፊቱን ወደ ላይ ያቀናዋል። ምስማር የለውም፥ ሳንቃም የለውም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መቆምና መድረቅ አለበት፤ እንደዚያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ያን ጊዜ ሌላ ይሠራል። ትልቁ ልጅ «ለምን ከእንጨት አትሠሩትም?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም «እንጨት ቢሰበር ይሰምጣል፤ ደንገል ቢፈታ እንኳ ይንሳፈፋል» ሲል መለሰለት። ሌላውን ነገር ሁሉ ከመጽሐፍ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ይህን ለማየት ግን ከሰውየው አጠገብ መቀመጥ ይጠይቃል፤ ልጆቹም አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ።

6 ሰዓት ሆነ፥ ቁልፉ አልመጣም። 6 ሰዓት ተኩልም ሆነ። ባለ ጀልባው የጀልባውን ገመድ ፈትቶ ማሰር ጀመረ፤ ይህም ትዕግሥቱ ማለቁን ያስታውቅ ነበር። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ጥላውን ለዲያቆኑ አስረክቦ መሄድ ይበቃል አሉ፤ ስለት ደጁ ላይ ከደረሰ ደረሰ የሚሉም ነበሩ። አሮጊቷ እናት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ «ልጆቼ፥ እናንተ ሂዱ። እኔ እዚህ አድራለሁ፤ እናቴ ስልሳ ዓመት ጠብቃለች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ መሄድ የተናገረ የለም። ልጃቸው ወደ ባለ ጀልባው ሄዶ እንደ ወንድም እጁን ይዞ ለመነው፤ እርሱም እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ሊጠብቅ፥ በመልሱም ክፍቱን ውሃ ፈጥኖ ካለፈ በኋላ የዘጌን ዳር ተጠግቶ ሊሄድ ተስማማ።

አባ ቁልፉን ይዘው የደረሱት ልክ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሩጫ የተነሣ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሉ አሮጊቷ እናት ቀድመው መስቀል ተሳለሙ።

ናርጋ ሥላሴ ዙሪያ ክብ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በድንጋይ አጥርና በጎንደር አሠራር በተሠሩ በሮች ተከቧል። በመግቢያው ላይ ፒፓ የያዘ ሰው ምስል ተቀርጾ ይታያል፤ ይህም ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል። ልጆቹ በዚህ እጅግ ተደነቁ፤ እኛ ግን ብዙ አልቆየንበትም። ጫማችንን አውልቀን ወደ ውስጥ ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ወገን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል፤ ቀይው፥ ቢጫውና ሰማያዊው በጨለማው ውስጥ እንኳ ይለያል። አባ ጧፍ አብርተው ከፍ ዝቅ እያደረጉ አሳዩን።

በአንደኛው ግድግዳ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ከእግሯም በታች አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ ትታያለች፤ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ዘውድ የጫኑ ንግሥት፥ አገር የገዙ ሰው፥ በራሳቸው ገንዘብ ባሠሩት ቤት ግድግዳ ላይ የተሣሉት በመሬት ወድቀው ነው። ብዙ ቤተ መንግሥት፥ ብዙም የነገሥታት ሥዕል አይተናል፤ ባለቤቱ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተሣለበት ግን ብዙ አይገኝም። አሮጊቷ እናት ጧፉን ከአባ ተቀብለው ወደ ሥዕሉ አስጠጉና ጥቂት ቆዩ። ኋላም «ንግሥቲቱ እንዲህ ከወደቀች ለእኔ ጉልበት ማዘን ምን ይባላል» ብለው ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን ትከሻ ይዘው ወረዱና ሰገዱ። ሲነሡ ትንሿ ልጅ ነጠላቸውን አራገፈችላቸው።

ጥላውን አባ ተቀብለው ዘረጉት፤ የወላጅ እናታቸውንም የክርስትና ስም ጠይቀው በጸሎት አሰቡት። ከዚያም ጥላው ከሌሎች ጥላዎች ጋር በቅኔ ማኅሌቱ ወገን ቆመ። ይህ ሁሉ ከተጀመረ እስከ ተፈጸመ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሆነም።

ወደ ጀልባው ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ከደቅ እስከ ዘጌ ድረስ ማዕበሉ ጀልባውን እያነሣ ይጥለው ስለ ነበር፥ ውሃው በየጊዜው እየተረጨ ልብሳችንን አራሰው፤ ከሴቶቹ አንደኛዋ ፊቷ ነጭ ሆነ፥ ከወንዶቹም አንዱ ቆሎውን መልሶ ለዓሣ ሰጠ። ማን እንደ ሆነ አንጽፍም። ልጆቹ ግን ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ይስቁ ነበር። ባለ ጀልባው እንደ ቃሉ ክፍቱን ውሃ ካለፈ በኋላ የዘጌን ዳር ተጠጋ፤ እዚያ ሲደርስ ውሃው ጸጥ አለ። በዚያ ጊዜ ስለ እንቦጭ አነሣሣን፤ ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ከታየ ወዲህ የዓሣ አጥማጁንና የገበሬውን ኑሮ እያስጨነቀ መሆኑን ባለ ጀልባው በብዙ ኀዘን ነገረን። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡን ብንነግረው «ይህን እሰማለሁ፤ አረሙን የሚነቅል ግን እጅ ነው» ብሎ መሪውን አዞረ።

ባሕር ዳር ወደብ የደረስነው ከ11 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ነው። አሮጊቷ እናት በመጨረሻ ወረዱ፤ ጥላውን ጠቅልለውበት የነበረውን ነጭ ነጠላ አጣጥፈው ለባለ ጀልባው ሰጡት፤ «ለእናትህ ነው» አሉት። እርሱም በሁለት እጁ ተቀበለና፥ ጀልባውን አስሮ ሳይጨርስ በደረቱ ላይ ደግፎት ቆየ።